ባለ ብዙ አገልግሎት የቤት ውስጥ ስፖርት አዳራሽ ለአዲስ አበባ፦ ከኪጋሊ ምን እንማር?

ጠያቂ፦ የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

በአዲስ አበባ የታዳጊ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ማሠልጠን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ይህን ጥያቄ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የደረሰብን ነገር ነው። ልጆቹ ለፍጻሜ ደርሰው ነበር፤ ጨዋታው የተያዘው ግን ጣሪያ በሌለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ሁለተኛው ሩብ ሳያልቅ ዝናቡ ወረደ፣ ሜዳው ውኃ ቋጠረ፣ ዳኞቹም ጨዋታውን አቋረጡ። በሳምንቱ ተመልሰን ስንሄድ ዳግመኛ ዘነበ። በሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከልጆቹ ሦስቱ ዘመድ ጥየቃ ወደ ክፍለ ሀገር ስለሄዱ፣ በጎደለ ቡድን ተጫውተን ተሸነፍን። ሽንፈቱን በጸጋ ተቀብያለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሲለፉ የከረሙ ልጆች ድካማቸው በደመና የሚወሰን መሆኑን ግን እስከ ዛሬ መቀበል አልቻልኩም።

የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ በኪጋሊው የቤት ውስጥ ስፖርት አዳራሽ ሲካሄድ ሁሉንም ጨዋታዎች ለመከታተል ሞክሬ ነበር። 12 ክለቦች ተሳትፈው የግብፁ ዛማሌክ የቱኒዚያውን ዩኤስ ሞናስቲር አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ የአፍሪካ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና፣ በመስከረም ደግሞ የአህጉሩ የመረብ ኳስ ሻምፒዮና በዚያው አዳራሽ ውስጥ ተደረጉ። 10,000 ሰው የሚይዘው ይህ አዳራሽ ግንባታው እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ተጀምሮ በሐምሌ ተጠናቀቀ፤ በነሐሴ 2019 ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ መረቁት። ወጪው 104 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ተዘግቧል። ያኔ ኪጋሊ አሬና ይባል ነበር፤ አሁን ቢኬ አሬና ሆኗል።

እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ስለ እንዲህ ያለ አዳራሽ አስፈላጊነት አንድ የጽሑፍ ሐሳብ አዘጋጅተን ለሚመለከታቸው ለማቅረብ እየተሰናዳን ነው፤ ነገር ግን ገና ከመነሻው ተከፋፍለናል። ግማሾቻችን «ከተጠየቀ አይቀር 10,000 ወንበር ያለው ይሁን፣ አህጉር አቀፍ ውድድር የሚመጣው ለትልቅ አዳራሽ ነው» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ እንዲህ ያለ ሕንፃ በዓመት አሥር ቀን ደምቆ የቀረውን ጊዜ ተቆልፎ እንዳይከርም እንፈራለን። ስለ ግንባታውም ሆነ ስለ አጠቃቀሙ የምታውቁ ሰዎች፣ ስንት ወንበር ብለን እንጠይቅ? እንዲህ ያለ ሥራ በስድስት ወር ማለቁስ ለእኛ ምሳሌ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የግንባታ መሐንዲስ

ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት፤ ስለ ልጆቹ የጻፉት ልብ ይነካል። ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር።

ስድስት ወሩ እውነት ነው፤ የሚያሳየው ግን የግንባታውን ጊዜ ብቻ ነው። አዳራሹን የሠራው የቱርኩ ተቋራጭ ሱማ ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ 15,000 ሰው የሚይዘውን ዳካር አሬናን ለሴኔጋል አጠናቆ አስረክቧል። ከዚያም ቀደም ሲል የኪጋሊን የስብሰባ ማዕከል ሠርቶ የጨረሰው ይኸው ድርጅት ስለነበር ከተማዋንም ሥራውንም ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሊጠና የሚገባው፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የተወሰነው ነገር ብዛትና ከተጀመረ በኋላ የተቀየረው ነገር ማነስ ነው። እኛ ዘንድ ሥራ የሚጓተተው ብዙ ጊዜ በግንበኛ ስንፍና አይደለም። መሠረቱ ወጥቶ ዐምዱ ከቆመ በኋላ «እስኪ ይህንንም እንጨምርበት» የሚል ሐሳብ ስለሚመጣ፣ ንድፉ ስለሚከለስ፣ ለክለሳውም የውጭ ምንዛሪ ስለሚጠበቅ ነው።

የወንበሩን ቁጥር ለጊዜው ይተዉትና በመጀመሪያ ወለሉን ይለኩ። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ የመረብ ኳስ 18 በ9 ነው፤ የእጅ ኳስና የፉትሳል ሜዳ ግን 40 በ20 ይወስዳል። ወለሉን በቅርጫት ኳስ ልክ ብቻ አስለክተው ዙሪያውን በቋሚ የሲሚንቶ መቀመጫ ካጠሩት የእጅ ኳስ ተጫዋቾችን ለዘለዓለም ከደጅ አስቀሯቸው ማለት ነው። በእጅ ኳስ ልክ ከተሠራና የታችኞቹ ረድፎች ወደ ግድግዳው የሚገፉ ተጣጣፊ መቀመጫዎች ከሆኑ ግን፣ ለትልቅ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ መቀመጫውን ስቦ ተመልካቹን ወደ ሜዳው ጠርዝ ማስጠጋት፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ገፍቶ ወለሉን በመጋረጃ በመክፈል ሁለትና ሦስት ቡድን ጎን ለጎን ማለማመድ ይቻላል። የእርስዎ ልጆች የሚጠቀሙት በዚህ በሁለተኛው አሠራር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጣሪያው ነው። ለቅርጫት ኳስ ከሜዳው በላይ ቢያንስ 7 ሜትር ነፃ ከፍታ ያስፈልጋል፤ በዓለም አቀፍ የመረብ ኳስ ውድድር ግን ኳሱ ከፍ ብሎ ስለሚነሳ 12.5 ሜትር ይጠየቃል። በዚህ ላይ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ሰው ድምፅ ማጉያውንና መብራቱን የሚሰቅለው ከጣሪያው ብረት ላይ ነው፤ ይህ ብዙ ቶን የሚመዝን ጭነት በንድፉ ጊዜ ካልታሰበ በኋላ የሚጨመርበት መንገድ እጅግ ውድ ነው። የጭነት መኪና በቀጥታ ወደ ወለሉ የሚገባበት ሰፊ በርም እንደዚሁ ነው። በሩ ከሌለ የመድረኩን ዕቃ ሰው በትከሻው ሲያመላልስ ሌሊቱ ይነጋል፣ የነገው ጨዋታም ይስተጓጎላል።

ስለ ጣሪያ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣ ንድፍ አውጪ ሊዘነጋው ይችላል። የአዲስ አበባን የክረምት ዝናብና በረዶ በባዶ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ የሰማ ሰው የዳኛ ፊሽካ እንደማይሰማ ያውቃል። ጣሪያው ድምፅ የሚያፍን ንጣፍ ካልተደረገለት ከዝናቡ ሸሽተን በዝናቡ ጩኸት ሥር ነው የምንገባው። ያው ንጣፍ በውስጥ የሚፈጠረውን ማስተጋባትም ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል፤ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተሰላ የአየር ማመላለሻና ጄኔሬተር እዚህ ሲመጣ ጉልበቱ ይቀንሳል። የስምጥ ሸለቆው ጎረቤት መሆናችንም አይረሳ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ያለ መካከለኛ ዐምድ ረጅም ርቀት የሚዘረጋ ጣሪያ ሲሰላ ይህ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መስፈር አለበት።

ቁጥሩን የግድ ተናገር ካሉኝ ከ3,000 እስከ 4,000 ወንበር እላለሁ። ለአዘቦቱ ይበቃል፤ ጥገናውም ከከተማዋ አቅም አይወጣም።

መልስ፦ በኪጋሊ ነዋሪ የሆነች ኢትዮጵያዊት

ለሥራ መጥቼ እዚህ ከተማ መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመት አልፎኛል። መሐንዲሱ ወንድሜ ያልነካውን አንድ ነገር ላንሣ፤ እርሱም ቦታው ነው። ቢኬ አሬና ያለው ሬሜራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአማሆሮ ስታዲየም አጠገብ ነው። ሬሜራ ሰው የሚኖርበት፣ የሚነግድበት፣ አውቶቡስ የሚያልፍበት ሰፈር ስለሆነ ጨዋታ ሲያልቅ ብዙ ሰው በእግሩ ሲበተን ይታያል። ጨዋታ የሚያበቃው በምሽት ነው፤ ተማሪዋ ልጅና እናቷ ወደ ቤት የሚመለሱበት ትራንስፖርት ከሌለ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጡም። ዳካር አሬና ያለው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዲያምኒያዲዮ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው የከተማ ባቡር ሥራ የጀመረው አዳራሹ ከተመረቀ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ሲመረጥ «ሰፊ መሬት የት አለ?» ከሚለው በፊት «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲ የት ይገኛል?» ተብሎ ቢጠየቅ ደስ ይለኛል።

ሌላው ደግሞ አዳራሹ ብቻውን አለመቆሙ ነው። ከጎኑ ፔቲ ስታድ የሚባል ትንሽ የቤት ውስጥ አዳራሽ አለ፤ አማሆሮ ስታዲየም 45,000 ሰው እንዲይዝ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሲመረቅ ይኸኛውም አብሮ ታድሷል። ጥቂት መቶ ሰው ለሚያየው ጨዋታ የትልቁን አዳራሽ መብራት ማብራት አያስፈልግም ማለት ነው። እናንተ ዘንድ የተነሣው «10,000 ወይስ 3,000» የሚለው ክርክር እዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን በማድረግ የተፈታ ይመስለኛል።

የአዳራሹ የሥራ መዝገብ ከስፖርት ብዙ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የፊፋ 73ኛ ጉባኤ በዚሁ አዳራሽ ተካሂዶ ጂያኒ ኢንፋንቲኖ በድጋሚ ተመረጡ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ተደርጎ ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች፤ በታኅሣሥ አሜሪካዊው ኬንድሪክ ላማር ሙዚቃውን አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ ጆን ሌጀንድ መጣ። የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የ2024 የፍጻሜ ጨዋታዎችም እዚሁ ሆነው የአንጎላው ፔትሮ ደ ሉዋንዳ አሸነፈ። የአዳራሹ ስም የተቀየረው ደግሞ የኪጋሊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ለስድስት ዓመት የስያሜ መብቱን ስለገዛ ነው። ይህ ገንዘብ ትኬት ተሸጠም አልተሸጠም የሚገባ ስለሆነ ለጥገና ትልቅ መተማመኛ ነው።

አሠልጣኝ ሆይ፣ የሚያስቀናዎትን ልንገርዎት። እኔን የሚያስደንቀኝ ትልልቆቹ ስሞች አይደሉም። የሊጉ ጨዋታ ሲኖር የትምህርት ቤት ልጆች ከነዩኒፎርማቸው መጥተው ከላይኛው ረድፍ ላይ ሆነው ሲጮኹ አያለሁ፤ ከእነርሱ አንዲቱ ነገ እዚያው ወለል ላይ ልትጫወት እንደምትችል በዓይኗ አይታ ትመለሳለች።

መልስ፦ የቀድሞ ሯጭ

በዚህ ውይይት አትሌቲክስ አለመነሣቱ ስላሳሰበኝ ነው የምጽፈው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በቤልግሬድ ስታርክ አሬና በተደረገው የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ፣ በ3 ብርና በ2 ነሐስ ከዓለም አንደኛ ሆና ጨርሳለች። ጉዳፍ ፀጋይ፣ አክሱማዊት እምባዬና ሂሩት መሸሻ በ1500 ሜትር ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ሲገቡ፣ ሳሙኤል ተፈራ ደግሞ በወንዶቹ 1500 ሜትር ያዕቆብ ኢንገብሪግሰንን ቀድሞ ገባ። ሰሎሞን ባረጋና ለምለም ኃይሉ የ3000 ሜትሩን ወርቅ አመጡ። በቤት ውስጥ ውድድር የዓለም ቁንጮ የሆነች ሀገር ልጆቿ የ200 ሜትሩን መም የሚረግጡት አውሮፓ ሲደርሱ ነው። ስታርክ አሬና በመሠረቱ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ነው፤ መሙ ለውድድሩ ተብሎ ተነጥፎ በኋላ የተነሣ ነበር። አዲሱ አዳራሽ ይህን እንዲችል ሆኖ ቢሠራ ምን ይከለክለናል?

መልስ፦ የግንባታ መሐንዲስ

ቤልግሬድን ማንሣትዎ ተገቢ ነው፤ ያ አዳራሽ በጦርነትና በማዕቀብ ምክንያት ከአሥር ዓመት በላይ ተጓትቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የተከፈተው። የሚከለክለን የወለሉ ስፋት ነው። ባለ 200 ሜትር መም 90 ሜትር በ45 ሜትር ግድም ቦታ ይፈልጋል፤ ይህም የእጅ ኳስ ሜዳ አምስት እጥፍ ነው። ወለሉ በሰፋ መጠን ጣሪያው ይረዝማል፣ ወጪውም ከስፋቱ በበለጠ ፍጥነት ይወጣል። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ስስ አየር ለረጅም ርቀት ፈጣን ሰዓት ስለማይመች ታላላቅ ሯጮችን ለክብረ ወሰን መጋበዝ አይሆንልንም። ለዝላይ፣ ለውርወራና ለአጭር ርቀት ልጆች የሚሆን ቀጥ ያለ የ60 ሜትር መም ግን ከዋናው ወለል ጎን፣ በመቀመጫው ሥር በሚቀረው ቦታ ሊዘረጋ ይችላል። ይህን ቢጠይቁ እደግፋለሁ።

መልስ፦ የአዳራሽ ዝግጅቶች አስተባባሪ

ከአሥር ዓመት በላይ በአዲስ አበባ አዳራሾች ውስጥ ባዛርና ኮንሰርት በማስተባበር ስለሠራሁ ከገቢው በኩል ልናገር። ለመሐንዲሱ ካለኝ አክብሮት ጋር በወንበሩ ቁጥር አልስማማም። 3,500 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ለኮንሰርት አዘጋጅ አያዋጣውም፤ እርሱ ካልመጣ ደግሞ የመብራቱን፣ የጥበቃውንና የጽዳቱን ወጪ ማን ይችለዋል? የአሠልጣኟ ወይም የአሠልጣኙ ታዳጊዎች የሚከፍሉት ኪራይ አምፖል እንኳ አይተካም። 7,000 ወይም 8,000 ሰው ቢይዝ፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ወለሉ ላይ በሚዘረጋ ወንበር ቢሆን ሁለቱንም ያስታርቃል ባይ ነኝ።

የአዲስ አበባን ዓመት በአዳራሽ ሰው ዓይን እንየው። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና እና ከፋሲካ በፊት ያሉት ሳምንታት የባዛር ናቸው። ሰኔና ሐምሌ የተማሪዎች ምረቃ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ኮንሰርት ይቆማል፤ በረመዳንም የሙዚቃ ዝግጅት ይቀዘቅዛል። ከፋሲካው ባዛር በፊት ባሉት የጾሙ ሳምንታት የአዳራሽ ባለቤት ቁልፉን ይዞ ይቀመጣል። ስፖርቱ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው! የቅርጫት፣ የመረብና የእጅ ኳስ ፌዴሬሽኖች የዙር ውድድራቸውን በዚህ ወቅት ቢያስቀምጡት አዳራሹ ሥራ አይፈታም፣ እነርሱም በርካሽ ያገኙታል። ባዛሩንም አንናቀው። በ2000 ዓ.ም. ለሚሌኒየሙ በዓል የተሠራው ሚሌኒየም አዳራሽ እስካሁን የሚኖረው በባዛር፣ በኮንሰርትና በጉባኤ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ አገልግሏል። ሰፊ ጣሪያ ያለው ቤት ማንም ያላሰበው ቀን ሲመጣ ለከተማው ይደርሳል።

ማስጠንቀቅ የምፈልገው ስለ ወለሉ ነው። ፓርኬው ቋሚ ከሆነና ባዛር ከገባበት በአንድ ዓመት ያልቃል። በክፍል በክፍል ተነቅሎ የሚነሣ የእንጨት ወለል ተገዝቶ፣ ከሥሩ ጠንካራ ሲሚንቶ ቢሆን፣ ሠራተኞቹም ሌሊቱን ማንጠፍና ማንሣት ቢለማመዱ ነው የሚበጀው። ይህ ቡድን መሠልጠንና ዓመቱን ሙሉ መቀጠር አለበት፤ የቀን ሠራተኛ በየጊዜው ሰብስቦ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ወለሉ ሲነሣ የሚቀመጥበት ደረቅ መጋዘንም በንድፉ ውስጥ ይግባ፤ እንጨቱ እርጥበት ካገኘው ይጣመማል፣ ኳሱም አይነጥርበትም።

ጠያቂ፦ የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን አትሜ ለባልደረቦቼ አንብቤላቸዋለሁ፤ ክርክራችንም ቦታውን ቀየረ። አሁን የሚያነጋግረን ስለ ጾሙ ወቅት የተነገረው ነው፤ ከመካከላችን ማንም አስቦት አያውቅም ነበር።

አንድ ስጋት ግን አልለቀቀኝም። ኮንሰርት አዘጋጁ ጥሩ ዋጋ ይዞ ሲመጣ የታዳጊዎቹ ልምምድ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ይሰረዛል፤ ይህ «ለዛሬ ብቻ» በየሳምንቱ እንደሚደጋገም በሌሎች ሜዳዎች ላይ ደርሶብኝ አይቻለሁ። ስለዚህ በጽሑፋችን ውስጥ፣ አዳራሹን የሚያስተዳድረው ማንም ይሁን ማን በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት ለታዳጊዎችና ለክለቦች በውል እንዲጠበቁ፣ ሰዓቱ ከተወሰደም በዚያው ሳምንት ውስጥ ምትክ እንዲሰጥ የሚል አንቀጽ እንጨምራለን። አስተባባሪው ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ አንቀጽ ባለበት ውል የሚፈርም የአዳራሽ አስተዳዳሪ ይገኛል ብለው ያስባሉ?

መልስ፦ የአዳራሽ ዝግጅቶች አስተባባሪ

ይገኛል፤ ሰዓቱን አስቀድመው ከነገሩት። አስተዳዳሪን የሚያውከው የተያዘው ሰዓት ብዛት ሳይሆን ያልታወቀ ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያሉት ከሰዓት በኋላዎች ለኮንሰርትም ለባዛር መክፈቻም እምብዛም ስለማይፈለጉ ከእነርሱ ይጀምሩ፤ ቅዳሜን ግን በየሳምንቱ አይጠይቁ። ለወር አንድ ቅዳሜ፣ ቀኑ በዓመቱ መጀመሪያ ተቆርጦ ቢጻፍ ይፈርምልዎታል።

ጠያቂ፦ የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ

መልካም። እንግዲያው የወንበሩን ቁጥር ገጽ ለጊዜው ባዶ ትተነዋል። በዚህ ሳምንት የማውቃቸውን አሠልጣኞች በሙሉ፣ የመረብ ኳሱንም የእጅ ኳሱንም የቦክሱንም ጨምሬ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ጣሪያ ሥር መሥራት እንደሚፈልጉና በስንት ሰዓት መምጣት እንደሚችሉ እየዞርኩ እመዘግባለሁ። የእኔን ቡድን ከላይ ጽፌያለሁ፤ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት።